ፕለግ-ኢን መኪና ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ማታ የት እንደምትሰኩት እወቁ

ሰሞኑን ሁለት የማውቃቸው ሰዎች "ራቭ ፎር ፕራይም ይሻላል ወይስ አውትላንደር ፕለግ-ኢን?" ብለው ጠየቁኝ። የመጀመሪያው የቶዮታ፣ ሁለተኛው የሚትሱቢሺ ነው፤ ሁለቱም ፕለግ-ኢን ናቸው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ በሚሞላ ባትሪ ይሄዳሉ፣ ባትሪው ሲያልቅ በቤንዚን። ሁለቱም እንደ እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አፓርታማ ውስጥ ነው የሚኖሩት። እኔ ላይ የደረሰው እነሱም ላይ ሌላውም ወገኔ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

በ2024 አውትላንደሩን ገዛሁ። የዲለሩ ሻጭ "7,500 ዶላር ከታክስ ይመለስልሃል፣ ፈጣን ቻርጀር ላይ ትሰካዋለህ፣ ሰባት ሰው ይጭናል" አለኝ። አመንኩትና ፈረምኩ።

በኋላ ታክስ ሳሠራ ሰውየው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ መኪናው የት ተገጣጠመ? ጃፓን። በቃ፣ ገንዘቡ የለም። ከኦገስት 2022 ጀምሮ ያ የታክስ ክሬዲት ለገዢ የሚሰጠው ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለተገጣጠመ መኪና ብቻ ነበር፤ ሁለቱ መኪኖች ደግሞ የሚመጡት ከጃፓን ነው። በሊዝ ሲወሰድ መንገድ ነበረው፣ ግን ክሬዲቱን የሚያገኘው የሊዝ ኩባንያው ነው፣ ለእናንተ የሚቀንስላችሁ ከፈለገ ነው። ከሴፕቴምበር 30፣ 2025 በኋላ ደግሞ ሁሉም ቀርቷል። ዛሬም ለአዲስ መኪና ይህን ክሬዲት ቃል የሚገባላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተነሱና ውጡ።

ፈጣን ቻርጅ የተባለውም እውነት ነው፣ ግን መሰኪያው ቻዴሞ የሚባለው ዓይነት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ አዲስ የሚተከሉት ጣቢያዎች ደግሞ በአብዛኛው ይህን መሰኪያ ትተውታል። ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ለትንንሽ ልጆች ይሆናል። አያት አታስቀምጡበትም።

ዋናው ጉዳይ ግን ማታ ቤት የምትሰኩበት ቦታ ነው። የ2023 እና የ2024 ሞዴሎችን ብናይ አውትላንደሩ በባትሪ 38 ማይል፣ ፕራይሙ 42 ማይል ይሄዳል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ነው ጉዱ የሚመጣው፦ ፕራይሙ በአንድ ጋሎን 38 ማይል ሲሄድ አውትላንደሩ 26 ብቻ ነው። በዓመት 12 ሺህ ማይል ለሚነዳና ለማይሰካ ሰው ወደ 145 ጋሎን ቤንዚን ልዩነት ማለት ነው። ተራው ራቭ ፎር ሃይብሪድ ደግሞ፣ መሰኪያ የሌለው፣ ዋጋውም ከፕራይሙ በብዙ የሚያንሰው፣ በጋሎን 40 ይሄዳል! አፓርታማ ውስጥ ላለ ሰው ትልቁን ባትሪ መግዛት የማይጠቀሙበትን ዕቃ ተሸክሞ መዞር ነው፤ እኔ ወራት ሙሉ እንደዚያ ነድቻለሁ፣ የሕንፃው አስተዳደር ጋራዥ ውስጥ መሰኪያ አንፈቅድም ስላለኝ።

የራሳችሁ ቤት፣ የራሳችሁ ጋራዥ ካላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ሥራችሁ ቅርብ ከሆነና ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ አውትላንደሩም ጥሩ መኪና ነው። በተራው የ120 ቮልት ሶኬት ግን ለመሙላት ወደ 16 ሰዓት ይፈልጋል፣ ፕራይሙ ወደ 12፤ ማታ ገብታችሁ ጠዋት ማልዳችሁ የምትወጡ ከሆነ አስቡበት።

ወረቀቱን ደግሞ አንድ በአንድ አንብቡ። "በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?" ሲሏችሁ መልስ አትስጡ፣ መጀመሪያ ጠቅላላውን ዋጋ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ወርሃዊውን ለማሳነስ ብድሩን እስከ 84 ወር ይጎትቱታል። እኔ ጎማ ውስጥ ለተሞላ ናይትሮጅን፣ መስታወት ላይ ለተቀረጸ ቁጥር፣ ለቀለም መከላከያ ከፍያለሁ፤ አንዱንም አልጠየቅኩም ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚለውን ወሬም አትመኑ። ያ ሕግ ዲለር ቢሮ ሄዶ ለተገዛ መኪና አይሠራም፣ እኔ በማግስቱ ሄጄ ነው የተነገረኝ።

መሰኪያ ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ ለአስተዳደሩ በኢሜይል ጻፉ፣ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ። ውሉን ይዛችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጻፉልኝ፣ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።