ፒቶትና ስታቲክ፦ ለባሕር ዳር ሰማይ የትኛው አቀማመጥ ይግዛ?

በኪት (ተዘጋጅተው በሚሸጡ ክፍሎች) ለሚገጣጠም ቀላል አውሮፕላን መሣሪያ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርጠው የፒቶት ቱቦውን፣ ማለትም ከፊት የሚመጣውን አየር ግፊት የሚቀበለውን ቱቦ ነው። ቱቦው ግን ብዙ አያስቸግርም። ከፕሮፔለሩ ነፋስ ውጭ፣ ከክንፉ ሥር ወረድ ብሎ ወደ ፊት ከዞረ፣ በጥቂት ዲግሪ ቢዘም እንኳ ንባቡ እምብዛም አይዛባም። ጣጣው ያለው ስታቲኩ፣ ማለትም በዙሪያው ያለውን የአየር ግፊት የሚቀበለው ቀዳዳ ላይ ነው።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የፍጥነት መለኪያው የሚያነበው የሁለቱ የግፊት ልዩነት 473 ፓስካል ገደማ ብቻ ነው፤ በውኃ ሲለካ 48 ሚሊ ሜትር። ስታቲክ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ግፊቱን በ50 ፓስካል ዝቅ ካደረገው መርፌው 105 ያሳያል። ሊያርፍ የተቃረበ አብራሪ ፍጥነት ያለው ይመስለዋል፣ የለውም።

ጥምር ቱቦ (ፒቶትም ስታቲክም በአንድ ዘንግ) የአውሮፕላኑን ገላ ከመብሳት ያድናል። ነገር ግን የጎን ቀዳዳዎቹ ለክንፉ ከቀረቡ፣ አፍንጫው ቀና ባለ ወይም ፍላፕ (በክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል) በወረደ ቁጥር ስህተቱ ይለዋወጣል። ዘንጉን አንድ ሰው ገጭቶ ካጎበጠውም ሁለቱም ንባቦች አብረው ይበላሻሉ። ንድፍ አውጪው የስታቲክ ቦታ ላላመለከተበት አውሮፕላን ይህን ይግዙ።

ቦታው በፕላኑ ላይ ካለ ግን ምርጫችን የተለያየው ነው፦ ፒቶት ከክንፍ ሥር፣ ስታቲክ በጅራቱ በኩል በግራና በቀኝ፣ በቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ ተገናኝቶ። አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት የአንዱ ጎን ግፊት ሲጨምር የሌላው ስለሚቀንስ ይካካሳሉ። ቀዳዳውን «ማሳመር» ግን አይገባም። ቫንስ አርቪ በሚባሉት የአውሮፕላን ኪቶች ላይ ለስታቲክ ቀዳዳነት የሚያገለግለው ጎበጥ ያለ የሪቬት (የማያያዣ ምስማር) ራስ የንድፉ አካል ነው፤ በልሙጥ ቀዳዳ የተኩት ሰዎች የፍጥነት ስህተት ገጥሟቸዋል።

ስታቲኩን ኮክፒት ውስጥ ክፍት መተው ርካሽ ነው፤ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ግን ንባቡ ይዘላል። ለመጠባበቂያ ብቻ ይሁን። የሚሞቅ ፒቶትም በቀን፣ ከደመና ውጭ ለሚበር ሰው ትርፍ ወጪ ነው።

በጣና ዳር ዋናዎቹ ጠላቶች የክረምት ዝናብና ጭቃ ሠሪ ተርብ ናቸው። የስታቲኩ ቱቦ ከቀዳዳው ተነሥቶ መጀመሪያ ሽቅብ ይውጣ፤ ዝቅተኛው ቦታ ላይ የውኃ ማፍሰሻ ይኑረው። አውሮፕላኑ በቆመ ቁጥር ፒቶቱ ይሸፈን። የፒቶቱ አፍ ተደፍኖ የራሱ የፒቶቱ ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ሁለቱም ከተደፈኑ ደግሞ መርፌው ሽቅብ ሲወጡ ይጨምራል፣ ሲወርዱ ይቀንሳል። ይህኛው የባሰ ነው፤ ጤነኛ ይመስላል።

ከተገጠመ በኋላ ፒቶቱ ላይ ሲሪንጅና በዩ ቅርጽ የታጠፈ፣ ውኃ ያለበት ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ በቲ ያገናኙ። ቀስ ብለው ሲገፉ በሁለቱ የውኃ ከፍታዎች መካከል 108 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሲፈጠር መርፌው 150 ላይ መድረስ አለበት። አንድ ደቂቃ ካልቆየ መገጣጠሚያው ያፈሳል። በአፍ መንፋትም መምጠጥም ክልክል ነው፤ መሣሪያው ይሰበራል።

በመጨረሻ በጂፒኤስ ሲያነጻጽሩ ከፍታውን አይርሱ። በባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ አየሩ ስለሚሳሳ መለኪያው 100 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 113 ያህል ነው። ነፋስ በሌለበት ጂፒኤሱ 113 ካሳየ ስታቲኩን አይንኩት።