ደጋግሞ ማንበብ ወይስ ራስን መፈተን?

ብዙ የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪ የሚያጠናው ደጋግሞ በማንበብ ነው። ሃንድአውቱን ያሰምርበታል፣ ከዚያ እንደገና ያነበዋል። አዲስ ምዕራፍ ለመረዳት ይሄ ያስፈልጋል። ችግሩ፣ ዓይን ገጹን ስለለመደው ብቻ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ያሰኛል።

ራስን መፈተን ግን ይከብዳል። ደብተሩን ዘግታችሁ 12ቱን የራስ ቅል ነርቮች በባዶ ወረቀት ላይ ትጽፋላችሁ። ሰባተኛው ላይ ትቆማላችሁ። ያናድዳል! ግን ክፍተታችሁ የሚታየው እዚያ ጋ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ብዙ ያስታወሱት ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው።

ዋርድ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይጎላል። የታካሚ አልጋ አጠገብ ቆሞ ስላይድ የሚገልጥ የለም። የደም ፖታሺየም ለልብ አደገኛ እስኪሆን ከፍ ብሎ 6.5 ሆኖ ሲመጣ፣ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ቶሎ መነሳት እንዳለበት ከጭንቅላታችሁ ነው መውጣት ያለበት።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አንዴ በደንብ አንብቡ። ከዚያ በነጋታው፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ራሳችሁን ጠይቁ። ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ ያለበት ካርድ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ መልሱን ጮክ ብላችሁ ሳትናገሩ አትገልብጡት።