ኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን በኮሮላዬ፦ ከስምንት ወር በኋላ

መኪናዬ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሞተሯ 1300፣ ነዳጅን ከአየር በሚቀላቅል ካርቡሬተር የሚሠራ። የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ለውድድር እያዘጋጀኋት ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ 30 በመቶ ኤታኖል (አልኮል) የተቀላቀለበት ቤንዚን ስሞክርባት ቆየሁ። "ጉልበት ይጨምራል ወይ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። የአሜሪካው የመኪና ውድድር ኢንዲካር ሙሉ በሙሉ ወደ ኤታኖል የዞረው እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ነው። ፎርሙላ 1ም በ2022 10 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ጀምሮ ነበር። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖሉን ከሞላሰስ (ከስኳር ተረፈ ምርት) ካወጡት አንዱ ከአባይ ማዶ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነው።

እኔ 99 በመቶ የጠራውን፣ ውሃ የሌለውን በጀሪካን ከአዲስ አበባ እያስመጣሁ ራሴ ቀላቀልኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት በጣም አስደሰተኝ። መኪናዋ ቀለል አለች። ጭሱ ጠራ፣ ካንዴላው ላይ የነበረው ጥቁር ጥላሸት ጠፋ። አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ 400 ሜትር ለክቼ ደጋግሜ ነዳሁ። በተራ ቤንዚን በአማካይ 22.4 ሰከንድ የነበረው 21.9 ሆነ። እኔ ልጅ ሆኜ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለግማሽ ሰከንድ ያለኝን ፍቅር የሚያውቅ ያውቀዋል። ኤታኖል ሠራ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ ደወልኩ።

ከዚያ ጥቅምት ላይ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ደጀንን አልፌ ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ወረድኩ። ታች ድልድዩ ጋ ስደርስ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ነዳጅ ስረግጥ ትንገጫገጫለች። በካርቡሬተሩ በኩል ታስነጥሳለች። ወደ ጎሃ ጽዮን ዳገቱን ስጀምር አልሄድ አለች። ግማሽ መንገድ ከወጣሁ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረች ሆና መጎተት ጀመረች። መካኒክ አልነካትም፤ የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። ለቆላ የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ለዚያች ትንሽ አየር ቤንዚን ያበዛል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ለ1 ኪሎ ኤታኖል ግን 9 ኪሎ ይበቃዋል። ስለዚህ ኤታኖል በካርቡሬተሩ በዚያው የነዳጅ ቀዳዳ ሲገባ ድብልቁን ያሳሳዋል። ማርቆስ ላይ የበዛውን ቤንዚን አስተካከለልኝ ማለት ነው። አባይ በረሃ ላይ አየሩ ወፍራም ሲሆን ደግሞ ከልክ በላይ አሳሳው።

እርግጠኛ ለመሆን ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጁን የሚመጥነውን ጄት በአነስተኛ ቀዳዳ ቀየርኩና ተራ ቤንዚን ሞላሁ። 400 ሜትሩ ስንት ሆነ? 21.9። ያው። በጀሪካን ሳመላልስ የከረምኩት አንዲት ትንሽ የናስ ጄት ልትሠራው የምትችለውን ነበር።

ኤታኖል ግን ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ዋናው ችሎታው ሌላ ነው፤ እመቃ፣ ማለትም ድብልቁ ከመቃጠሉ በፊት ሞተሩ ውስጥ መጨመቁን፣ ይችላል። ኦክቴኑ (ሲጨመቅ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የመቋቋም መለኪያው) ከ100 በላይ ነው። ሲተን ደግሞ ከቤንዚን ሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚወስድ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። ታኅሣሥ ላይ ቴስታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ቶርኖ ቤት አስላግቼ እመቃውን ከ9 ለ1 ወደ 10.5 ለ1 ገደማ ከፍ አደረግሁ። ለየነዳጁ የሚስማማውን ጄት ይዤ እንደገና ሞከርኩ። ማርቆስ ላይ በተራ ቤንዚን 21.6፣ በድብልቁ 21.5። ልዩነቱ ከሰዓት አያያዝ የሚበልጥ አይደለም። የደጋው አየር ሳስቶ ስለሚገባ በተራ ቤንዚንም ሞተሩ አያንኳኳም፤ ነዳጁ ያለጊዜው አይቀጣጠልም ማለት ነው። አባይ ታች በሙቀቱ ስሄድ ግን ተራ ቤንዚኑ ዳገቱን እንደጀመርኩ ማንኳኳት ጀመረ፤ እግሬን አነሳሁ። በድብልቁ፣ እንደ ጥቅምቱ እንዳይሳሳ ከነባሯ የምትሰፋ ትልቅ ጄት ገጥሜ፣ ያንኑ ዳገት ሙሉ ረግጬ ወጣሁ፤ ኮሽታ የለም። ኤታኖል ገንዘቡን የሚያወጣው እዚያ ነው። ቱርቦ ያላት መኪና ብትሆን ኖሮ አየሩን አምቃ ስለምታስገባ ደጋ ላይም ጥቅሙ ይታይ ነበር።

ፍጆታው ይጨምራል። ኤታኖል በሊትር የሚሰጠው ኃይል የቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ነው። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው መኪና 11 እንኳ አልሞላ አለች።

በብርድ ጠዋት ሦስት አራቴ ሳልሞክር አትነሳም። በሁለተኛው ወር የድሮው የቤንዚን ማስተላለፊያ የጎማ ቱቦ አብጦ ማላብ ጀመረ። እሳት ማለት ነው፤ ለኤታኖል በሚሆን ሳልቀይር አልነዳኋትም። ኤታኖል በታንከሩ ውስጥ የቆየውን ዝቃጭም ስለሚያጥብ ፊልትሬ ሁለት ጊዜ ተደፈነ።

አንድ ወዳጄ "አረቄ ብናደርግበትስ?" ብሎኝ ነበር። እባካችሁ እንዳትሞክሩት። አረቄ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። በጠርሙስ ቀላቅዬ አሳየሁት፤ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ውሃው አልኮሉን ይዞ ከታች ይቀመጣል፤ ሞተሩ ደግሞ የሚጠጣው ከታንከሩ ሥር ነው። ለሕክምና የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮልም ያው ነው። የጠራውን ኤታኖል ቢሆንም ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ጀሪካን ውስጥ አስቀምጡት፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል።

አሁን ማርቆስ ላይ የምነዳው በተራ ቤንዚን፣ በትንሿ ጄትና በተላገው ቴስታ ነው። ትልቋን ጄት በጨርቅ ጠቅልዬ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከቀረው ኤታኖል አንድ ጀሪካን አለኝ፤ ወደ ቆላ የምወርድበት ቀን ሲመጣ እከፍተዋለሁ።