የፍሬቻ አምፖል ወይስ መልቲሜትር?

ባለ 12 ቮልት አሮጌ ቮልስዋገን የፊት መብራቱ ሲደበዝዝ ብዙዎች መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያነሳሉ። መሣሪያው ግን ያሞኛል፤ ከመስመሩ የሚስበው ኃይል ከቁጥር ስለማይገባ መገናኛው በዝገት ተበልቶም 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ሁለት ሽቦ የተበየደለት ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ግን ወደ 1.75 አምፔር ይስባልና እዚያው ፈዞ ያጋልጠዋል። ዋጋውም እዚህ ግባ አይባልም። ለፊውዝና ለሽቦ እኔ አምፖሉን አስቀድማለሁ።

ማሳው፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር፣ ሲጠረጠር ነገሩ ይገለበጣል፤ መልቲሜትሩ ይሻላል። መብራቱን አብርቶ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በመብራቱ የማሳ ሽቦ ላይ ማሳረፍ ነው። ንባቡ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብሎኑን ማጥበቅ። ሌሊት ባትሪ የሚጨርሰው የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ስንት ሚሊአምፔር እንደሆነም አምፖል አይናገርም።

ኮምፒውተርና ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ግን ይህን አምፖል ባያስጠጉ ይሻላል።