አሮጌ የኮካ ጠርሙስ ወይስ የቆርቆሮ ታፔላ? ብር ከማውጣታችሁ በፊት

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። አንዱ እዚህ ባሕር ዳር ፓፒረስ አካባቢ ካፌ ሊከፍት ነው፤ ግድግዳው የድሮ የድሮ እንዲሸት ይፈልጋል። አንዷ ከአሜሪካ ለሠርግ የመጣች ናት፤ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት የኮካ ጠርሙስ ሳትይዝ እንዳትመለስ ልጆቿ አስጠንቅቀዋታል። ሁለቱ ደግሞ ቤቴ መጥተው መደርደሪያዬ ላይ ዓይናቸው የቀረ ነው። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፦ ጠርሙሱን ልግዛ ወይስ ታፔላውን?

ጠርሙሱን። አለቀ። ምክንያቱን መስማት የፈለገ ይቀጥል።

እኔ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም። ታፔላ ጉድ ሠርቶኛል።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የዘጌ ጀልባ ከሚሳፈሩበት አካባቢ ካሉት የማስታወሻ ዕቃ መሸጫዎች አንዱ ጋ ቀይ የቆርቆሮ ታፔላ ተሰቅሎ አየሁ። ጠርዙ ዝግት ብሏል። መሐሉ ላይ «ኮካ ኮላ» ይላል፣ ከሥሩ በትንንሹ «ቀዝቃዛውን ይጠጡ»። ሻጩ ዓይኔን አይቶ ገባው መሰለኝ «የጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክበብ የወጣ» አለኝ። እዚህ ላይ አለቀልኝ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ከጣሊያን በመጣ የጦር ካሣ የተሠራ፣ ግማሹን ከተማ ያሳደገ ፋብሪካ ነው፤ አባቴም ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ነው። እናቴን መጀመሪያ ለስላሳ የጋበዛትም እዚያው ክበብ ውስጥ ነው። እሷ ሚሪንዳ ነበር ትላለች፣ እሱ ኮካ ነው ይላል፣ ሦስት ልጅ ወልደው ድረው እስካሁን አልተስማሙም። ይሄ ታፔላ እንግዲህ ከአባቴ ጎን ሊመሰክር የመጣ መሰለኝ።

4,500 አለኝ። ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ወጣሁ። 2,800 ላይ ተስማማን። ባጃጁ «ዕቃህ ሰፊ ነው፣ ሌላ ሰው አያስጭነኝም» ብሎ 100 ብር ተቀበለኝ። 2,900 በሉ።

ሳሎን ሰቀልኩት። አባቴ አየውና «እንዲህ ያለ አላስታውስም» አለ። አርጅቶ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ማተሚያ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ ቡና ሊጠጣ መጣ። ሲኒውን ይዞ ተነሳ። ጠጋ አለ። ራቅ አለ። እንደገና ጠጋ አለና «ይሄ ኒያላ አይደለም እንዴ?» አለ። የምን ኒያላ? «ፊደሉ ነዋ። ይቺ የታችኛዋ ጽሑፍ የኮምፒውተር ፊደል ናት፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው የመጣችው።» ቪስታ ለሽያጭ የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ የወረዱት በ1967። ሠላሳ ሁለት ዓመት! ቀድመው አሳትመውት ይሆናል ብሎ ሳቁ ሊገድለው ደረሰ።

ያም ሆኖ አላወረድኩትም፤ ያምራል እኮ ብዬ። ክረምት ገባ። ባሕር ዳር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ከሐይቁ አጠገብ በሐምሌና በነሐሴ ጨው እንኳ ጨው ሆኖ አይከርምም። ጠርዙ ላይ ያለው ዝገት ለካ የተቀባ ቡናማ ቀለም ነው፤ እውነተኛው ዝገት ከጀርባ በኩል መጣ፣ ባልተቀባው። ግድግዳዬ ላይ ሁለት ክንድ የሚሆን ቡናማ መስመር ወረደ። ግድግዳውን ለማስቀባት 600 ብር። 3,500 ደርሰናል።

ታፔላውን ላድነው ብዬ አባይ ማዶ መኪና ቀለም የሚረጭ ልጅ ጋ ወሰድኩት። በብርጭቆ ወረቀት ጥጉን አንዴ ሻር ሲያደርገው ቀዩ ቀለም እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነሳ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስቲከር ነው» አለኝ። አዝኖልኝ ገንዘብ እንኳ አልተቀበለኝም።

እውነተኛ የድሮ ታፔላ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ቀለሙ ብርጭቆ ነክ ዱቄት ብረት ላይ ተነፍቶ በእሳት የተጋገረ ነው፤ ስታነሱት ይከብዳል፣ በጥፍራችሁ ብታንኳኩት እንደ ብረት ሰሐን ይጮኻል። ሲፈነከት አይላጥም፣ እንደ ሸክላ ይሰነጠራል፣ ከሥሩ ጥቁር ብረት ይታያል። ምስማር የገባበትን ቀዳዳ ዙሪያ እዩ፤ ዓመታት የተሰቀለ ከሆነ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። አዲሱ ቀዳዳ ጥርት ያለ ነው፣ እንደ ትናንት። ታዲያ እንዲህ ያለውን እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በእጄ የነካሁት አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ 18,000 ብር ብሎ ቁጭ አለ። በ18,000 ብር ሌላ ስንት ነገር አለ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ።

ቁራሌው ጋ 30 ብር። ስቆም ባየ ቁጥር 50 ይለኛል፣ ስሄድ 30። ግሮሰሪ ውስጥ ባዶ ሳጥን ከሚደረደርበት ጓሮ ፈልጋችሁ ያገኛችሁ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ባዶ ጠርሙስ ሰጥታችሁ የመለዋወጥ ጉዳይ ነው፤ ሠራተኛውን ሻይ ጋብዙት። ያችው ጠርሙስ ታጥባ፣ አንገቷ ላይ ገመድ ታስሮላት፣ ማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ውስጥ 600 ብር ናት። ፈረንጅ ካለ 1,000። ገመዱ ወርቅ አይደለም፣ አይቼዋለሁ፣ ቃጫ ነው።

ኮካ ኮላ ኢትዮጵያ ውስጥ መሞላት የጀመረው አዲስ አበባ ላይ ነው፣ በ1959 እ.ኤ.አ.። ዛሬ እዚሁ ባሕር ዳር ፋብሪካ አለው፤ ድሮ ግን እኛ ጋ የምትደርሰው ጠርሙስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዛ፣ የአባይን በረሃ ወርዳና ወጥታ ነው። ባዶዋም በዚያው መንገድ ትመለሳለች፣ ታጥባ ትሞላለች፣ እንደገና ትመጣለች። ለዚህ ነው አሮጌ ጠርሙስ ሆዷና ትከሻዋ ላይ ነጭ የተፋቀ ቀለበት የሚኖራት። ሳጥን ውስጥና ማሽን ላይ ከሌሎች ጠርሙሶች ጋር ስትጋጭ የኖረችበት ነው። ይሄን ቀለበት በጣታችሁ ዳስሱት፣ ሻካራ ነው። ቀለበት የሌላት ጠርሙስ ወይ አዲስ ናት ወይ ሰው ያልጠጣባት ናት፤ ሁለቱም እኔን አይመለከቱኝም።

የጠርሙሷ ቅርጽ በ1915 እ.ኤ.አ. ኢንዲያና ውስጥ የወጣ ነው። ያኔ ለብርጭቆ ፋብሪካዎች የተሰጠው ትእዛዝ ሰው በጨለማ ቢዳብሳት፣ ተሰብራ መሬት ላይ ቢያያትም እንኳ የሚለያት ጠርሙስ ሥሩ የሚል ነበር። ተሳክቶላቸዋል፤ ቁራሌው ከተሰባበረ የብርጭቆ ክምር ውስጥ ስባሪዋን ለይቶ ሲያወጣ አይቻለሁ።

ማጭበርበር እዚህም አለ። ተራ ጠርሙስ ላይ በዘይት ቀለም «ኮካ ኮላ» ብለው በብሩሽ ይጽፋሉ። ትክክለኛው ጽሑፍ ብርጭቆው ላይ በእሳት የተጋገረ ስለሆነ ይፋቃል እንጂ አይለቅም። ጥፍር ቀለም የምታስለቅቁበትን አሴቶን ጥጥ ላይ አድርጋችሁ ጫፉን እሹት። የጽሑፉ ቀለም ወደ ጥጡ ከዞረ ጠርሙሱን አስቀምጡና ሻጩን ደህና ዋሉ በሉት። ሌላው ፊደሉ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ የእንግሊዝኛውን ጅራት ተከትሎ እየተጠማዘዘ በእጅ የተሳለ ነው፤ «ኮ»ዋ እንኳ የምትጨፍር ትመስላለች። ቀጥ ብሎ እንደ ማመልከቻ ከተጻፈ የሆነ ችግር አለ። ማተሚያ ቤት ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ ቡናው በእኔ።

አፏን በምላሳችሁ ሳይሆን በጣታችሁ ዳስሱ። ቆርኪ በጥርስና በጠረጴዛ ጠርዝ ሲከፈት የኖረ አገር ነው፤ ከንፈሯ ያልተሸረፈ ጠርሙስ ማግኘት ቀላል አይደለም። ትንሽ ሽርፍራፊ ካለች 10 ብር አስቀንሱ እንጂ አትተዉት። ስንጥቅ ከሆነ ግን ተዉት።

ከዚያ ሽታ። የእኔ የመጀመሪያ ጠርሙስ ላምባ ትሸታለች፣ ስድስት ጊዜ አጥቤያታለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ አሁንም ትሸታለች። ምን ይደረግ፣ ያኔ ጠርሙስ አይጣልም ነበር። የኑግ ዘይት ይገባባታል፣ አረቄ ይለካባታል፣ ጸበል ይቀዳባታል። ውስጧን ለማጽዳት አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝና ለብ ያለ ውኃ ከሳሙና ጋር ጨምራችሁ መነቅነቅ ነው። ነጭ የውኃ ድር ከያዛት ኮምጣጤ አሳድሩባት። የፈላ ውኃ እንዳታፈሱባት፤ እኔ በአንድ ጠዋት ሁለት ሰንጥቄያለሁ፣ 60 ብር በዚያው ወጣ። ካፌ ለምትከፍተው ደግሞ፦ ለማሳያ እንጂ ጁስ ልታቀርብባት እንዳታስብ።

ለአሜሪካዋ እህቴ፦ ካልሲ ውስጥ ክተቻት፣ ካልሲዋን ነጠላ ውስጥ ጠቅልዪ፣ ሻንጣው መሐል አድርጊ። የአክስቴ ልጅ አራት እንዲህ ወስዶ አራቱም ደርሰዋል። ታፔላ ለማስጫን የሻንጣ ትርፍ ክፍያ ስትጠየቂ ያኔ ታስታውሺኛለሽ።

የእንጨት ሳጥኑንም የሚጠይቅ አለ። ቆንጆ ነው፣ ግን ነቀዝ አለበት። ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ሳታሰጡ ቤት አታስገቡ፤ ከ700 በላይም አትክፈሉ። ባለ ምልክቱን ፍሪጅ ደግሞ ጭራሽ እንዳትነኩት። አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያው ለሱቁ በውሰት የሰጠው ስለሆነ ሻጩ የራሱን ዕቃ አይደለም የሚሸጥላችሁ። ፔፕሲና ሚሪንዳስ? ፈላጊ ስለሌላቸው ዋጋቸው ግማሽ ነው፤ ለእኛ አገር የሚመጣው ከጎንደር ፋብሪካ ስለነበር ጓሮ ለጓሮ ከፈለጋችሁ ጠርሙሱ ይገኛል። ለእናቴ አንድ የሚሪንዳ በ15 ብር ገዝቼላታለሁ። አባቴ ያለበት ክፍል ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ አልጋው ፊት ለፊት።

አንድ ነገር ግን አትግዙ፤ ወሬ። «ጃንሆይ የጠጡበት»፣ «የጣና ሆቴል የመጀመሪያው»፣ «ጣሊያን የተወው»። ወሬው በረዘመ ቁጥር ዋጋው ይረዝማል። የጠርሙስ ታሪክ የምታገኙት ዘመድ ቤት ቡፌ ላይ ነው፣ እሱም በነፃ።

በነፃ አልኩ? አክስቴ ቡፌ ላይ የፕላስቲክ አበባ የተሰካባት አንዲት የአማርኛ ኮካ አለች። ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቃታለሁ። ባለፈው ፋሲካ ከየት መጣች ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። ያኔ ጠርሙስ በመያዣ ነው፤ ለሠርጓ አሥር ሳጥን ለስላሳ ሲመጣ ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መታወቂያውን ግሮሰሪው ጋ አስይዞ ነው ያመጣው። በነጋታው ሲቆጠር አንድ ጎደለ። ሰውየው መታወቂያ አልመልስም አለ። ባልዬው ሚዜዎቹን አንድ በአንድ መርምሮ፣ ከአንዱ ጋር ተኳርፎ፣ በመጨረሻ ከፍሎ ተገላገለ። «እኔ ነኝ እኮ፣ ልጄ። የሠርጌ ማስታወሻ ብዬ ሳጥኔ ውስጥ ከቀሚሴ ሥር ደበቅኳት። ቁጥሩ ሲጎድል ዝም አልኩ» አለችኝ። ለባሏ የነገረችው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የተኳረፈው ሚዜ እስካሁን አያውቅም።

ስጪኝ አልኳት። «አበባዬስ የት ይሁን?» አለች። ሮጬ ሄጄ የአበባ ማስቀመጫ ገዛሁላት፣ የሸክላ፣ 450 ብር። ጠርሙሷን ይዤ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ደወለች። ማስቀመጫው አፉ ሰፊ ነው፣ አበባው ሰምጦ ቀረ፣ ቡፌው ባዶ መሰለኝ፣ ሌሊት ለውኃ ስነሳ ዓይኔ እሷን ይፈልጋል አለች።

ጠርሙሷ አሁን ቦታዋ ናት። ማስቀመጫው እኔ ቤት ነው። ለ300 የሚወስድ ካለ ይንገረኝ።