በሐረር መኪና ግርግር ለሚሰሩት ልብስ ሰፊ ምስጋናዬ ይድረስ

ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ልብስ ያመዋል። እንዲህ ስል ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል፤ እኔ ግን ሌላ አባባል የለኝም። የኮሌታ ጠርዝ፣ የካልሲ ስፌት፣ አንገት ጋ የምትለጠፈው የፋብሪካ ምልክት እንደ እሾህ ይወጉታል። ዩኒፎርም መልበስ ከጀመረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። "አሞላቃችሁት እኮ፣ ቆንጠጥ አድርጉት" ያሉን ብዙ ናቸው። ቆንጥጬዋለሁ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በኋላ አዲስ አበባ ወስደን አንዲት የኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ መልበስና መመገብ ያሉ የዕለት ተዕለት ነገሮችን ለመቻል የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ አየችልን። ቅብጠት እንዳልሆነ፣ አእምሮው ከቆዳውና ከጆሮው የሚመጣለትን ስሜት እንደኛ አመጣጥኖ መቀበል እንደሚከብደው አስረዳችን። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ኦቲዝም በሌለባቸውም ይታያል። የዚሁ ሙያ ሰው የሆኑት አሜሪካዊቷ ጂን አይረስ እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፍ ጽፈውበታል። እኛ ሰፈር ግን እስከ ዛሬ ስሙ "ቅብጠት" ነው።

እሺ፣ ምክንያቱን አወቅን። ዩኒፎርሙስ? ትምህርት ቤቱ ሌላ ልብስ አልቀበልም አለ።

መኪና ግርግርን የሐረር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ የተደረደሩበት መንገድ። ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ልጅ ይዛችሁ የምትገቡበት ቦታ አይደለም። ስለዚህ ሸሚዙን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ።

እኚህ ልብስ ሰፊ አባት ታሪኬን ሰምተው "ምን አይነት ልጅ ነው?" አላሉኝም። ሸሚዙን ገለበጡት። የውስጡን ስፌት ቀስ ብለው በራሳቸው ጉንጭ ላይ አሻሹት። ከዚያ "እውነቱን ነው፣ ይቧጥጣል" አሉ። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ልጄን ያመነው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

አንገቱ ላይ ያለችውን ምልክት እኔ በመቀስ ቆርጫት ነበር። ለካ የቀረችው ጫፍ ይብሳል! እሳቸው በምላጭ ክሩን አንድ በአንድ ፈቱት። "አሮጌ ነጠላ አለሽ?" አሉኝ። ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ ነጠላዬን ወሰድኩላቸው። ኮሌታውን ከውስጥ በእሱ አለበሱት። ለአዲሶቹ ሱሪዎች ደግሞ ጨርቁን ሳይቆርጡ በፊት ሦስት ጊዜ እንዳጥበው ነገሩኝ፤ ስፌቱንም ጠርዙን አጥፈው ደብቀው ሰፉት።

ለልክ የቀጠሩን አርብ ነው። "ከጁምዓ መልስ፣ ጎረቤቶቼ ሳይከፍቱ ኑ" አሉ። ስንደርስ መንገዱ ጸጥ ብሏል፣ የእሳቸውም የስፌት መኪና ቆሟል። "አቦ ጎበዝ፣ አሁን ትከሻህን ልይዝ ነው" ብለው ነግረውት መዳፋቸውን ጠበቅ አድርገው አሳረፉበት። ባለሙያዋም እንዲህ ነበር ያለችን፤ ለእንደ እሱ አይነት ልጅ ለስለስ ካለ ንክኪ ይልቅ ጠበቅ ያለው ይሻላል። እሳቸው ማንም ሳይነግራቸው አደረጉት። የሜትሩን ጫፍ ለእሱ አስያዙት። አላለቀሰም።

ዛሬም ከባድ ጠዋት አለን፣ ካልሲው ገና ነው። ዩኒፎርሙን ግን ራሱ ይለብሳል።

ጋሼ፣ አላህ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ!

እንደኔ አይነት ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ሂዱ። ልጃችሁ ሳያለቅስ የሚለብሰውን አሮጌ ልብስ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ቀብድ ይቀበላሉ። ዋጋቸው ከሌሎቹ ብዙም አይለይም፣ ጊዜ ግን ይወስዳሉ። ለዒድ ሰሞንና ትምህርት ሊከፈት ሲል ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ቀደም በሉ። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።

እኛ በሚመጣው አርብ ለሹራብ ልክ እንሄዳለን። ሜትሩን የምይዘው እኔ ነኝ ብሏል ልጄ።