ለዶሜይን ጨረታ የሚታመን ሰው ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ለሱቃችን የምንፈልገውን የዶት ኮም ስም (ዶሜይን የሚሉትን የድረ ገጽ አድራሻ) ከኢንተርኔት ጨረታ እንድናገኝ የረዳንን፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውን ወንድማችንን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለኝ ትቼዋለሁ፤ ውለታውን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ከእሱ በፊት የደረሰብን ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። የእንጀራና የቅመማ ቅመም ንግዳችን የሚታወቅበትን ስም የማናውቀው ሰው ቀድሞ አስመዝግቦት ኖሮ ለጨረታ ሲያወጣው፣ «እኔ እጨርስላችኋለሁ» ያለን አንድ ሰው የአገልግሎቱን ክፍያ አስቀድሞ ተቀበለን። ጨረታው ሲዘጋ ከፍተኛውን ዋጋ ያቀረብነው እኛ ስለነበርን «እንኳን ደስ አላችሁ» አለን፤ ስሙ ግን አልመጣም። ስንደውል አንዴ ጨረታውን የሚያካሂደው የኢንተርኔት ገበያ እያጣራ ነው፣ አንዴ ሻጩ ታሟል ሲል ቆይቶ በመጨረሻ ስልክ ማንሳቱን ተወ። ሌላ ያማከርነው ደግሞ «ተጭበርብራችኋል፣ ጠበቃ ያዙ» ብሎ ለዚህችው ምክር አስከፈለን።

እውነቱን የነገረን ይህ ወንድማችን ብቻ ነው። የጨረታውን ገጽ ከፍቶ ከዋጋችን ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር በጣቱ አሳየን፤ የሻጩ ዝቅተኛ ዋጋ አልተሟላም ትላለች። እንደ ጎዳዲ ባሉ የዶሜይን ገበያዎች ሻጩ ጨረታውን በትንሽ ገንዘብ ሊከፍትና ከዚህ በታች አልሸጥም የሚለውን ዋጋ ለገበያው ብቻ አስታውቆ ከተጫራቾች ሊደብቅ እንደሚችል አስረዳን። ትንሹ መነሻ ዋጋ ተጫራች ይሰበስብለታል፤ የተደበቀው ደግሞ ጥቂት ፈላጊ ብቻ ቢመጣ ንብረቱን በርካሽ ከመስጠት ያድነዋል። ያ ዋጋ እስካልተደረሰበት ድረስ የቱንም ያህል ሌሎችን ብንበልጥ እሱ የመሸጥ፣ እኛም የመክፈል ግዴታ የለብንም። አገር ቤት የባንክ ሐራጅ መነሻ ዋጋው በጋዜጣ ታትሞ፣ ሲፒኦ አስይዞ ሲካሄድ ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ እንግዳ ነው። አልተጭበረበርንም፤ አላሸነፍንምም።

ስሙ ዳግመኛ ለጨረታ ሲወጣ፣ ወንድማችን ኔምባዮ ከሚባለው የሽያጭ መዝገብ ተመሳሳይ ስሞች በስንት እንደተሸጡ አይቶ «የምትችሉትን ከፍተኛ ገንዘብ አሁኑኑ ወስኑ» አለን። 1,500 ዶላር አልነው፤ ወሰኑን አንድ ጊዜ አስገባውና ገበያው ራሱ እስከዚያ ድረስ ይጫረትልን ጀመር። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ገንዘባችን ጫፍ ደርሶም ያቺ መስመር ከገጹ አልጠፋችም። ባለቤቴ «ሁለት መቶ እንጨምር፣ ይደርስ ይሆናል» ሲል ወንድማችን ስልኩ ላይ ሆኖ «የለም፣ የት እንዳለ የማታውቁትን ዋጋ አታሳድዱ፤ እሱ ካልሸጠ ገንዘባችሁ እኪሳችሁ ነው» አለን። የሚከፈለው ስሙ ሲገዛ ብቻ ነበርና ያን ምሽት ጨምሩ ቢለን ይጠቀም እንደነበር ልብ በሉልኝ። ጨረታው ሳይሸጥ ተዘጋ፤ እኔ አለቀስኩ፤ እሱ ግን «ገና ነው፣ እህቴ» አለኝ።

በማግሥቱ በገበያው በኩል ለሻጩ ጻፈለት። ከእኛ የተሻለ ገዢ እንዳልመጣ ያየው ሻጭ ጥቂት ካንገራገረ በኋላ በዚያው በ1,500 ዶላር ተስማማ፤ ደብቆት የነበረው ዋጋ 2,500 እንደነበር ያወቅነውም ከራሱ ከሻጩ ነው። ባለቤቴ ሊጨምር የነበረው ሁለት መቶ ምንም አይፈይድም ነበር! ገንዘቡን የከፈልነው ክፍያን በመሃል ይዞ በሚያቆየው በኤስክሮው ዶት ኮም በኩል ስለሆነ ስሙ በእጃችን እስኪገባ ድረስ ሻጩ አልወሰደውም። ስሙን ለማዛወር ስለተላላኩት ኮድ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ እሱ ጨርሶ አስረከበን። ከተስማማነው በላይ ስንሰጠውም አልቀበልም አለ። እናቴ ዶሜይን ምን እንደሆነ ባታውቅም «ልጅ ይውጣለት» እያለች ትመርቀዋለች።

ወገኖቼ፣ ንግድ ያላችሁ፣ ስማችሁ በሌላ ሰው እጅ ያለባችሁ፣ ለማንም ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ሰው አነጋግሩ። ደግሜ እላለሁ፣ አነጋግሩት። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ስልኩን እሰጣለሁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ልትከፍሉ የምትችሉትን ከፍተኛ ገንዘብ ስለሆነ ከቤተሰባችሁ ጋር ተመካክራችሁ ደውሉ።